መረብ የሚያበጁ እጆች

ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ቤታችን የዓሣ መረብ መሥራትና መንጠቆ፣ የናይለን ክር፣ እርሳስ መሸጥ ጀምረናል። “በሽንኩርት አገር የዓሣ መረብ?” የሚሉን አሉ። እውነት ነው፣ የሮቢና የጀውሃ ወንዞች የሚታወቁት በመስኖ ነው። ነገር ግን በጾም ወራት ዓሣ ይፈለጋል፤ የሚያጠምዱም አሉ።

ከመጀመራችን በፊት የጣናን ታሪክ አሰብን። በ1986 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ያሉ ክርስቲያኖች ጭምር በረዱት ፕሮጀክት የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ ወደ ሐይቁ ገቡ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ቆይቶ ግን ዓሣው እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞች በሚወጣበት በክረምት መረብ በወንዝ አፍ ላይ እየተዘረጋ፣ በጣና ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች እጅግ ተመናመኑ። ያው መረብ አበላ፤ ያው መረብ አራቆተ።

ስለዚህ ጸልየን ተስማማን፤ ጫጩት ዓሣ የሚጠርግ፣ ቀዳዳው የጠበበ መረብ አንሠራም። ለዚህ ብለው ትተውን የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቅም።

ያዕቆብና ዮሐንስ የተጠሩት መረባቸውን ሲያበጁ ነው (ማቴ. 4፥21)። ጌታ የሚያየው የያዝነውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ መረባችንንም ያያል። ወገኖች፣ በእናንተ እጅ ያለው መረብ ለነገ ምን ያስቀራል? ለእኛም ጸልዩልን።