አምበሉን ከሜዳ ያወጣን ዕለት

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ የተማሪዎችን የእግር ኳስ ቡድን ባሠለጠንንባቸው ዓመታት ከሁሉ የከበደን ሥራ የቱ እንደ ሆነ ወዳጆቻችን ሲጠይቁን፣ ብርዱ ወይም ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ የሚያጥረው ትንፋሽ ይመስላቸዋል። ብርዱንስ ባና ደርበን ችለነዋል። የከበደን ጨዋታ የጠፋበትን ልጅ ከሜዳ የሚያወጡበትን ሰዓት ማወቅ ነበር። ወላጆች ለሆኑ አንባቢዎቻችን ይህ ጭንቀት እንግዳ አይሆንም፤ በቤትም ቢሆን ለበኵር ልጅ የሰጡትን አደራ ወስዶ ለታናሹ መስጠት ቀላል አይደለምና።

ልጁን በስሙ አንጠራውም። አምበላችን ነበር። በመሐል ሜዳ ቆሞ ኳሱን ለግራም ለቀኝም የሚያድል፣ ጓደኞቹ ሲደነግጡ እርሱ የሚረጋ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቡድኑን በትከሻው የተሸከመ ልጅ ነው። በሦስተኛው ዓመት ግን እግሩ ከዳው። በአንድ ንክኪ ይለቀው የነበረውን ኳስ ሦስት አራት ጊዜ እየነካ ይነጠቅ ጀመር፤ ወደ ፊት መስጠት ፈርቶ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቀድሞ ያልነበረበትን ታናናሾቹን መቆጣትም አመጣ። አንዱን ጨዋታ በዚህ ዓይነት ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም። በአግዳሚው ላይ ደግሞ በዕድሜ ከእርሱ የሚያንስ፣ የተዘጋጀ ልጅ ተቀምጦ ዐይን ዐይናችንን ያያል።

ስለ ምን ዘገየን? እውነቱን ለመናገር ያታለለን የአበበ ቢቂላ ታሪክ ነው። በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው ይህ ጀግና በ1957 ዓ.ም. በቶክዮ የተሰለፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ይቅርብህ ብለው ቢያስቀሩት ኖሮ የኦሎምፒክን ማራቶን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ባልተባለ ነበር። እኛም ልጁ በደከመ ቍጥር ቶክዮን እናስባለን። ይኸው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ ከተማ እግሩን ታሞ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ማቋረጡን ግን ለማሰብ አልወደድንም። የዚያን ዕለት ወርቁን ያመጣው አብሮት የተሰለፈው ማሞ ወልዴ ነው።

በአራተኛው ጨዋታ አንድ ነገር አየን። ተከላካዮቻችን ኳስ ሲያገኙ ወደ አምበላቸው መመልከት ትተዋል፤ እርሱ እጁን አንሥቶ ሲጠራቸው በላዩ አሳልፈው ይለጉታል። እግር ቢሳሳት መታገሥ ይቻላል፤ ጓደኞቹ ኳስ መስጠት ከተዉ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። ደንግጠን በ25ኛው ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ በእጃችን ጠርተን አስወጣነው። እርሱ ግን ወደ አግዳሚው አልመጣም። መለያውን እንደ ለበሰ፣ የገብሱን ማሳ ዳር ይዞ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ጨዋታውን አሸነፍን፤ ደስታው ግን እስከ ማታ እንኳ አልዘለቀልንም።

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አቅርበው ካስተናገዱን በኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «የከፋኝ ልጄን ማውጣትዎ አይደለም፤ ከትናንት በስቲያ ማታ በዚሁ በደጃችን ሲያልፉ ገብተው አለመንገርዎ ነው» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዐርብ ማታ በእርግጥ በዚያ አልፈናል፤ ልጁንም እንጨት ሲፈልጥ አይተን «በርታ» ብለነዋል። ያን ጊዜም ልባችን ያመነታ እንደ ነበር አንክድም።

ከዓመታት በኋላ ስለ አሜሪካኖች እግር ኳስ አንድ ታሪክ አነበብን። የእነርሱ ጨዋታ ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ሌላ ዓይነት ነው፤ ኳስ የሚያከፋፍለውንም መሪ ኳርተርባክ ይሉታል። ታኅሣሥ 30 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በእኛ የገና ማግስት፣ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በዋንጫው ጨዋታ 13 ለ 0 ተመርቶ ለዕረፍት ወጣ። አሠልጣኙ ኒክ ሴባን ሁለት ዓመት ቡድኑን የመራውን ጄለን ኸርትስን አስቀምጠው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪውን ቱዋ ታጎቫይሎዋን አስገቡ፤ በጭማሪ ሰዓትም 26 ለ 23 አሸነፉ። የገረመን ድሉ ብቻ አይደለም። ለውጡ በዕረፍት ሰዓት ሆነ እንጂ በጨዋታው መካከል፣ በእጅ ጥሪ አልሆነም። ኸርትስም በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን ጥሎ አልሄደም፤ ኅዳር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ቱዋ ሲጎዳ ከአግዳሚው ተነሥቶ ገብቶ ጆርጂያን 35 ለ 28 ለማሸነፍ አበቃቸው።

ይህን ስናነብ የእኛ ልጅ ትዝ አለን። ያን ዕለት ቡናው ሳያልቅ ከጓዳ ወጥቶ፣ መለያውን አጣጥፎ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ለእርሱ ልስጠው?» ብሎ ጠይቆን ነበር። የአምበልነቱን ጨርቅ ተቀበልነው፤ መለያውን ግን መለስንለት። ከዚያ ወዲህ የምናስቀምጠውን ልጅ በዋዜማው ቤቱ ድረስ ሄደን እንነግረው ነበር፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም የሚያውቀውን የነገርነው ያህል ዝም ይላል።

ለሁለት ሳምንት አልመጣም። በሦስተኛው ቅዳሜ መጥቶ በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ፤ ተተኪው ኳሱን ሲያዘገይ ግን ከሁላችን ቀድሞ ብድግ ብሎ፣ «ልቀቀው! በአንድ ንክኪ ልቀቀው!» እያለ ይጮኽ ነበር።