ከጓዳ እስከ እልፍኝ

የሙያዬን ስም «የጓዳ ፕሮግራመር» ብለው ደስ ይለኛል። ድረ ገጽን እንደ ቤት ብናየው፣ እኔ የኖርኩት እንግዳ በሚቀመጥበት እልፍኝ ሳይሆን መረጃው በሚከማችበት ጓዳ ነው። ጓዳ ደግሞ የራሱ ኩራት አለው። ወጡ ከጣመ ስለ ሌማቱ ቀለም ማን ይጨነቃል? ትክክል መሆን ይበቃል፤ ማማር የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ይህን ኩራት የፈተነው የአባቴ ደብተር ነው። ቆቦ ውስጥ ለዓመታት ተረትና ምሳሌ፣ የሠርግ ግጥም፣ የሽማግሌ ምርቃት ሲለቅሙበት የኖሩት ደብተር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደሴ ተሰደደ፤ ከቤቱ ከወጣው ጥቂት ዕቃ አንዱ እርሱ ነበር። ኋላ አንድም ቃል ሳይቀር ወደ ኮምፒውተር አስገባሁት። አባቴ በስልካቸው አዩትና «ልጄ፣ ቃሉስ የእኔው ነው፤ ግን ተዛዝሎ መጣብኝ» አሉ።

እናም ሲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን የድረ ገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ መማር ያዝኩ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ኖርዌያዊው ሆከን ቪዩም ሊ ነው፤ የመጀመሪያው ደንብ በ1996 ጸደቀ። በእኔ ጓዳ ትእዛዝ ተራ በተራ ይፈጸማል። እዚህ ግን የሚጻፈው ምኞት ነው፦ «አንቀጽ ሁሉ እንዲህ ይሁን»፤ ከዚያ የትኛው ደንብ እንደሚያሸንፍ መጠበቅ። የስሙ የመጀመሪያ ቃል ራሱ ከላይ ወደ ታች መውረድን ያመለክታል።

መውረድንስ የራያ ቆላ ልጅ ያውቀዋል። ከምዕራቡ ተራራ የዘነበው ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ገበሬው በአፈርና በጭራሮ ክትር ይቀለብሰውና ከትልቁ ቦይ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራዋል። ጎርፍ አይታዘዝም፤ መንገድ ይጠረግለታል እንጂ። የገጽ ደንብም እንዲሁ ነው። የፊደል ዓይነትና ቀለም ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ኅዳግና ድንበር ግን በየማሳቸው ይቀራሉ። ለአንዱ ማሳ ለይቶ የተቆፈረ ቦይ ለሁሉ የተቆፈረውን ይበልጣል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደግሞ ኋላ የመጣው ይረታል። ይህን ከተረዳሁ ወዲያ ቋንቋው እንግዳ መሆኑ ቀረ።

የቀረው የፊደላችን ጠባይ ነበር። የላቲን ትንንሽ ፊደላት በመስመሮች መካከል አየር ይተዋሉ፤ የግዕዝ ፊደላት ግን አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ገጹን ይሞሉታል። ስለዚህ የመስመሩን ከፍታ የፊደሉን 1.8 እጥፍ አደረግሁት። አጽንዖት ለመስጠት ፊደልን ማዝመምም የእኛ ልማድ አይደለም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ማክበር የፈለጉትን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። እኔም ማዝመሙን ትቼ የምርቃቶቹን መነሻ አቀላሁ። ለተራ ቁጥሩ ደግሞ ቋንቋው ራሱ «ኢትዮፒክ ኑሜሪክ» የሚል ስልት ስላለው ፩፣ ፪፣ ፫ ተብሎ ወጣ።

ያኔ ስለ እነዚያ ጸሐፊዎች አሰብኩ። የመጀመሪያዋን ፊደል ከመጻፋቸው በፊት ብራናውን ያሰምሩ፣ ኅዳጉን ይለኩ ነበር። ቃሉን መጠበቅና ለዓይን ማመቻቸት ለእነርሱ የአንድ እጅ ሥራ ነበር። ጓዳና እልፍኝ ብለን የለየነው እኛ ነን።

አባቴ ዛሬ ገጹን ያለ መነጽር ያነቡታል። ታዲያ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ዝም አላሉም፤ ይደውላሉ። «ይቺ ግጥም እኮ ሙሽራዋ ስትወጣ ሌላ ስንኝ ነበራት፤ ጻፍ» ይሉኛል። እጽፋለሁ። ተዘጋ፣ ተጠናቀቀ ብዬ በጓዳዬ ያስቀመጥኩት ደብተር እነሆ እያደገ ነው።