ሁለት ባላ የተከለ ሹም

መሳፍንት ሲባል እኔ ትዝ የሚሉኝ ራስ ዓሊና ደጃች ውቤ ናቸው። ስለዚህ ትንቢተ ዳንኤል ላይ፣ ዳርዮስ በመንግሥቱ ላይ መቶ ሃያ መሳፍንት ሾመ የሚለውን በልጅነቴ ሳነብ፣ ሰዎቹ ለምድ ደርበው ጋሻ አንግተው ነበር የሚታዩኝ። የዳንኤሉ ዳርዮስ የትኛው እንደሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አማርኛው መሳፍንት ያላቸውን ግን ግሪኮች «ሳትራፕ» ይሏቸዋል፤ በጥንቱ ፋርስኛ «የመንግሥት ጠባቂ» ማለት ነው።

ቀዳማዊ ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 ዓመት ዙፋን ሲይዝ፣ ግዛቱ ከሕንድ ጠረፍ እስከ ግብፅ የተዘረጋ ነበር። ሄሮዶቱስ እንደሚለው በ20 ከፍሎ ለእያንዳንዱ ግብሩን ቆረጠለት። ሹሙ ግን ብቻውን አልተተወም። አጠገቡ ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ጸሐፊ አለ፤ «የንጉሡ ዓይን» የሚባል መርማሪም ይመጣበታል። እኛ ጆሮ ጠቢ የምንለው መሆኑ ነው፤ እነሱ ማዕረግ ሰጡት።

የሰርዴሱ ገዥ ኦሮይቴስ ያስቸገረ ጊዜ ዳርዮስ ጦር አላዘመተም። ባጋዮስ የሚባል ሰው በማኅተም የታሸጉ ደብዳቤዎች ይዞ ሄደ። ጸሐፊው የመጀመሪያዎቹን ሲያነብ፣ ባጋዮስ ዓይኑን ከዘበኞቹ አልነቀለም። ለማኅተሙ ማጎንበሳቸውን ሲያይ፣ ኦሮይቴስን እንዳይጠብቁ የሚያዘውን ሰጠ፤ ጦራቸውን ጣሉ። የመጨረሻው ግደሉት የሚል ነበር፤ ገደሉት።

ነገር ግን ማኅተም የማይደርስበት ጠረፍ አለ። ከግብፅ በላይ ያሉት «ኢትዮጵያውያን» ግብር አልተቆረጠባቸውም፤ በየሦስተኛው ዓመት ስጦታ ያመጡ ነበር፦ ያልነጠረ ወርቅ፣ 200 የዞጲ ግንድ፣ 20 የዝሆን ጥርስና አምስት ወንዶች ልጆች። (በዚህ ስም የሚኮራ ሁሉ ይታገሠኝ፤ ሄሮዶቱስ የሚያወራው ስለ ኑብያ ሰዎች ነው እንጂ ስለ ጎንደር አይደለም።) ንጉሡ ስጦታውን ግብር ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሰጪው ወዳጅነት ይለዋል። ሁለቱም ክብራቸውን ይዘው ይለያያሉ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ መተማ ይወርዳል። በዚያ ቆላ የሰፈሩት ተክሩሮች ከዳርፉር ወገን የመጡ እስላሞች ናቸው፤ ብዙዎቹ የመካ መንገደኞች የነበሩ። የጎንደር ነገሥታት ባስጠጓቸው ጠረፍ ገበያ አቀኑ። የደጋው ቡናና ሰም፣ የሱዳን ጥጥና ከብት ተገናኘበት፤ ባሪያም ይሸጥበት ነበር፣ መደበቅ አያሻም። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝ ራሳም በኅዳር 1858 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያልፍ የተክሩሮቹ አለቃ ሼህ ጁማ ነበሩ። ሼሁ ለቴዎድሮስም ይገብራሉ፣ ለግብፅም ይገብራሉ።

በሁለት ቢላ የሚበላ፣ ወላዋይ የሚላቸው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሼህ ጁማ ሁለት ባላ የተከሉት ለራሳቸው ብቻ አይደለም። ሁለት ጊዜ መገበር ውድ ነው፤ ገበያው ሲቃጠል ግን ከዚያ ይብሳል። ደግሞስ ሁለቱም ነገሥታት ግብሩን እየተቀበሉ ወላዋዩ እሳቸው ብቻ የሚሆኑት በምን ፍርድ ነው?

ባላው የተሰበረው እያንዳንዱ መንግሥት መተማን ለብቻዬ ሲል ነው። ግብፅ ጦር አሰፈረችበት። ከ1876ቱ የአድዋ ውል በኋላ የግብፅ ወታደር በኢትዮጵያ በኩል ሲወጣ መሐዲስቶች ገቡ፤ የእነሱ ግብር ደግሞ ሃይማኖትም ነበረበት፣ ለሁለት አይከፈልም። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው ከተማዋን አቃጠሉ። በዓመቱ አቡ አንጃ ሳር ውሃ ላይ አሸንፏቸው ጎንደርን አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ተዋጉ፤ ቆስለው ሞቱ፣ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ሁለት ንጉሥ በአንድ አለቃ የሚረካበት ዘመን አበቃ።

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች ወሰን ሲዋዋሉ መለያው ክረምት ብቻ የሚሞላው ወንዝ ሆነ። ቀድሞ መተማም ገላባትም የአንድ ቦታ ስሞች ነበሩ፤ አሁን ወዲህ ያለው መተማ፣ ወዲያ ያለው ገላባት ተባለ። በየማዶው ኬላ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት መንግሥት የሚከፍለው ሹሙ ሳይሆን ነጋዴው ነው።