ነጠላውና ፊቱ

የኮንትራስት ማጣሪያ ከቢጫ እስከ ሐምራዊ ሮዝ የሚደርስ ባለቀለም ስስ ቅጠል ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ከማጉያው መብራት ሥር ይገባና በፎቶው ጥቁርና ነጭ መካከል ያለውን ርቀት ያጠባል ወይም ያሰፋል። ቢጫው ያለዝባል፤ ሐምራዊው ያከርራል። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ዕጣ በቀለም መወሰኑ ያስቃል፤ ምክንያት ግን አለው። ወረቀቱ ላይ የተቀባው ለሰማያዊ ብርሃን እኩል የሚነቃ፣ ለአረንጓዴ ግን አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ የሚነቃ ቅልቅል ነው። ቢጫ አረንጓዴውን ሲያሳልፍ ቅልቅሉ በየተራ ስለሚጠቁር ግራጫው ይበዛል። ሐምራዊው አረንጓዴውን ሲያግድ ሁሉም በሰማያዊ አንድ ላይ ይጠቁርና ግራጫው ያልቃል። ቀይ ብርሃንን ወረቀቱ ጨርሶ አያየውም፤ የጨለማ ክፍል መብራት ቀይ የሆነውም ለዚሁ ነው።

የጥንት አታሚ ይህ ምርጫ አልነበረውም። በ1861 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደብረ ታቦር የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ በ1868 ዋይት ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ሲቀመጥ ምስሉ ያረፈው ኮሎዲዮን በተቀባ መስታወት ላይ ነበር። ኮሎዲዮን የሚያውቀው ሰማያዊን ነው፤ ቡናማና ቀይ ለእርሱ ጨለማ ናቸው። ስለዚህ የሐበሻ ፊት ከባለቤቱ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ከዚያ መስታወቱ ከወረቀት ጋር ተጣብቆ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። ዛሬ ኮንታክት የሚባለው፣ ለምርጫ ብቻ የሚታተመው፣ ያኔ ፎቶው ራሱ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ፋብሪካዎች ወረቀቱን ለስላሳና ጠንካራ እያሉ በቁጥር ለይተው መሸጥ ጀመሩ፤ አታሚውም በየዓይነቱ አንዳንድ ካርቶን ማስቀመጥ ግድ ሆነበት። ከዚህ ወጪ የገላገለው እንግሊዛዊው ኢልፎርድ ነው። ስሙን ከተቋቋመበት ከተማ የወሰደው ይህ ኩባንያ የተመሠረተው በ1879፣ ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ባረፈበት ዓመት ነው። በ1940 መልቲግሬድ የተባለውን ወረቀት አወጣ፤ ካርቶኑ አንድ፣ ማጣሪያው ብዙ። ዛሬ ከለስላሳው 00 እስከ ጠንካራው 5፣ ግማሽ ግማሹ ተቆጥሮ፣ 12 ማጣሪያዎች አሉ። እስከ 3½ ያሉት አንድ ዓይነት የብርሃን ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ከ4 ጀምሮ ጊዜው በእጥፍ ይጨምራል። ይህን የረሳ ሰው ወረቀቱ ገርጥቶ ሲወጣ በመድኃኒቱ ያሳብባል።

ለኮንታክት ግን ከ2 መራቅ አያስፈልግም። የ36ቱ ፊልም ስድስት ስድስት ሆኖ ይቆረጥና በአንድ ወረቀት ላይ ከመስታወት ሥር ይደረደራል። ጊዜው የሚለካው ምስል በሌለበት በፊልሙ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ ለመጥቆር የሚበቃው አጭሩ ጊዜ ይያዛል። ከዚያ የጠቆረው ጠቁሮ፣ የነጣው ነጥቶ ይታይ። ኮንታክት ምስክር ነው፤ ምስክርን አያቆነጁም። በ5 የታተመ ኮንታክት ለዓይን ይማርካል፤ ደህናውን ምስል ግን ያስጥላል።

ማጣሪያው የሚፈተነው ከዚያ በኋላ፣ አንዱ ምስል ተመርጦ ሲጎላ ነው። ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደራ ወረዳዋ አንበሳሜ ለዚህ ጥሩ አብነት ትሆናለች። በጥር ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ደጅ ቆሞ ፎቶ ቢነሳ፣ ፀሐይዋ ከአናት ወርዳ ዓይኑን በቅንድቡ ጥላ ትሸፍናለች፣ ነጠላውን ደግሞ ታነደዋለች። በ3 ቢታተም ፊት የሌለው ነጠላ ይሆናል። በ1 ወይም በ1½ ግን ሁለቱም ይተርፋሉ። በሐምሌ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደመናው ብርሃኑን አለስልሶት ፊትና ግድግዳ ስለሚመሳሰሉ 3 ወይም 3½ ይፈለጋል።

ያም ካልበቃ መጀመሪያ ለፊቱ የሚስማማው ማጣሪያ ተመርጦ ሙሉው ፎቶ ይታተማል። ቀጥሎ ወረቀቱ ሳይነቃነቅ 00 ይገባና፣ ፊቱ በእጅ ተከልሎ ነጠላው ላይ ብቻ ጥቂት ሰከንድ ይጨመራል። ያኔ ባዶ ነጭ የነበረው ጨርቅ ሽመናው ይታያል፣ ጥለቱም ይወጣል። አረንጓዴም ይሁን ቢጫ፣ ወረቀቱ ላይ ግራጫ ነው።