ከዘንገና እስከ ጣና ደሴቶች፤ የአንድ ክረምት የቢስክሌት ጉዞ

ሰው አገሩን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ያየ እንደሆነ ተራራውና ወንዙ እንደ ሥዕል ያልፉበታል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና አይገልጹለትም። እኔም ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበት ሳለ፣ በደጃችን የሚወርደው የዝናም ውሃ የት እንደሚደርስ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ይህን የተማርሁት በ2010 ዓ.ም. ከበኵር ልጄ ጋር በቢስክሌት በተጓዝሁ ጊዜ ነው። ልጄ ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር። ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ነሐሴ 17 ቀን ተነሥተን፣ ጳጉሜን 5 ቀን በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወደ ቤታችን ገባን።

የጉዟችን መነሻ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ነበር። ዘንገና በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ እንደ ድስት የከበበ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ጥቂት ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር ይበልጣል። በዳርቻው አንድ ሽማግሌ በፈረስ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል በጉግስ በማክበሩ የታወቀ ነው። ሽማግሌው ቢስክሌታችንን ከጎማው እስከ ኮርቻው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ገብስ የማይበላ ፈረስ ርካሽ ነው፤ ዳገት ላይ ግን አንተው ትሸከመዋለህ» ብለው መርቀው ሸኙን።

ከእንጅባራ ወደ ሰሜን ስንወርድ አዲስ ቅዳምን አገኘን። በዚያ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ለከሰል የሚያለሙት፣ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ኮረብታውን አልብሶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙውን ጎድቶታል። ከአባቴ የወረስሁትና ለገበሬ በእኩል የሰጠሁት ማሳም በዚሁ አገር በአንድ ቁልቁለት ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እርሻው ይሰፋልኛል ብዬ፣ አባቴ በእጁ የካበውን የድንጋይ እርከን አፍርሼ፣ የወሰኑንም ዛፎች ቆርጬ ነበር። በዚያ ጠዋት ከማሳው የሚወጣው ጎርፍ እንደ ሸክላ ጭቃ ቀልቶ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ልጄ ቢስክሌቱን አቁሞ፣ «አባዬ፣ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው፣ ወደ ክልቲ፣ ክልቲም ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና እንደሚገባ ነገርሁት። «እንግዲያስ እኛም የምንሄደው ከእርሱ ጋር ነው» አለኝ።

በዳንግላ ዝናሙ ሦስት ቀን አስቀመጠን። በዚህች ከተማ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሮበርት ቺዝማን፣ የጣናን ዳርቻ እየዞረ ካርታውን አንሥቷል፤ ያየውንም በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ባዕድ ሰው በበቅሎና በታንኳ ተጉዞ ያጠናውን አገር፣ በአጠገቡ የተወለድሁት እኔ በካርታ ብቻ ማወቄ አሳፈረኝ።

ከዱርቤቴ አልፈን ወተት ዓባይ ስንደርስ በድልድዩ ላይ ቆመን ግልገል ዓባይን አየን። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ውሃው ግንድ እያንከባለለ ደፍርሶ ይወርዳል፤ መልኩም በማሳዬ በር ያየሁት ጎርፍ መልክ ነበር። ልጄ አየኝ እንጂ ምንም አልተናገረኝም። ከዚያም በመራዊ በኩል፣ 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የታቀደውን የቆጋን መስኖ ተመልክተን፣ ቢስክሌት ወደ በዛባት ወደ ባሕር ዳር ገባን።

ከባሕር ዳር ዳርቻውን ይዘን ወደ ዘጌ ሄድን። ዘጌ ከሩቅ ሲታይ ከውሃ ላይ የወጣ ጥቁር ደን ይመስላል። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ሆኖ ስለ ኖረ፣ ሕዝቡ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና እየለቀመ ይኖራል። በኡራ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ከዝናም በኋላ ከደኑ የሚወጣውን ምንጭ ልጄ በእፍኙ ቀድቶ አሳየኝ፤ የጠራ ነበር። ከእኛ ማሳ የወጣው ቀይ፣ ከዘጌ የወጣው ንጹሕ፤ የዘነመባቸው ግን ያው የነሐሴ ዝናም ነው።

ቢስክሌቶቻችንን በጀልባ ጭነን ወደ ደሴቶቹ ተሻገርን። ክብራን ገብርኤልን ተሳለምን፤ የዐፄ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት ዐፅም ባረፈበት በዳጋ እስጢፋኖስ ጸለይን፤ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን አየን። በየገዳማቱ ዙሪያ የቆመው ጥንታዊ ዛፍ፣ ቅጥር ከሆነው ድንጋይ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያኑ የጸና አጥር መስሎ ታየኝ።

ከደቅ ወደ ቁንዝላ ስንቀዝፍ ግን በሐይቁ ላይ መስመር ተሰምሮ አየን፤ በአንድ ወገን አረንጓዴ፣ በሌላው ወገን ቡናማ። ባለ ጀልባው፣ «መምህር፣ አገራችሁ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዊ ነው» አልሁት። «እንግዲያስ ይህ አፈር የእናንተ ነው፤ መጥታችሁ ውሰዱልን» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ ሳለ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ትንሿ ዘንገና ዐሥር እጥፍ ትጠልቃለች። ስለዚህ ተራራው በየዓመቱ የሚልክለትን ደለል የሚሸሽግበት ጓዳ የለውም። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የሚወፍረው ከእርሻ ታጥቦ በሚገባው ለም አፈርና ማዳበሪያ ነው።

ከቁንዝላ በዱርቤቴ ወደ ቤታችን ስንመለስ የሽማግሌው ቃል ተፈጸመ። ከዳንግላ በኋላ ያለውን ዳገት አብዛኛውን በእግራችን እየገፋን ወጣነው። በማሳችን አጠገብ ስንደርስ ልጄ ከፈረሰው እርከን ድንጋይ አንዱን አንሥቶ በቦታው አስቀመጠ፤ እኔም ሁለተኛውን አስቀመጥሁ። በተከታዩ ጥር፣ ከሚያርስልን ገበሬ ጋር ሆነን፣ እርከኑን እስከ ጫፉ መልሰን ካብነው፤ በወሰኑም ዛፍ ተከልን። ማሳው በጥቂት ትልም ጠበበ፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን የሚወጣው ጎርፍ ቀለለ፤ ቅላቱም ቀነሰ።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት፣ አባትና ልጅ ያን ጊዜ ያለ ሥጋት የተጓዝንበት ጎዳና የጭንቅ ጎዳና ሆኗል፤ እግዚአብሔር ሰላሙን ይመልስልን። መንገዱ ለእኛ በሚዘጋበት ቀን እንኳ ውሃው ከተራራችን ወደ ደሴቶቹ መሄዱን አያቋርጥም። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ በዘነመ ጊዜ ወደ ደጃችሁ ወጥታችሁ የሚሄደውን ውሃ መልኩን ተመልከቱ፤ በሌላው ዳር የሚጠጣው ወንድማችሁ ነውና።