በኬልቪን ወንዝ ዳር ስላለው የዝንብ ቤት

ወደ ስኮትላንድ የሚሻገር መንገደኛ ስለ ግላስጎው ከተማ አስቀድሞ የሚሰማው የመርከቦቿን ዝና ነው። በክላይድ ወንዝ ዳር የተሠሩት መርከቦች የዓለምን ባሕር ኹሉ ዙረዋልና ዝናው የሚገባት ነው። እኛን ግን ከታላቁ መርከብ ይልቅ ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ያኽል የኾነች አንዲት ዝንብ ስላስደነቀችን፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ግላስጎው የትምህርትም የሕክምናም ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የቆመው በ1451 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ ቍስልን ከመመርቀዝ መጠበቅ የዠመረው በ1865 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ሆስፒታል ነው። ከዩኒቨርሲቲው ኰረብታ ሥር የሚፈሰውን የኬልቪንን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሄደ ሰው፥ ዛፍና መስክ ከበዛበት ጋርስኪዩብ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። ነቀርሳ ወይም ካንሰር የሚባለው ደዌ የሚመረመርበት፥ ለረዥም ዘመን በሐኪሙ በሰር ጆርጅ ቢትሰን ስም ሲጠራ የነበረው ቤት ያለው በዚህ ነው።

ወደ ዝንብ ቤት የገባ እንግዳ ከዓይኑ በፊት በአፍንጫው የሚያገኘው የእርሾ ሽታ ነው። ትንንሽ ብልቃጦች በየመደርደሪያው ተሰልፈዋል፤ በያንዳንዱም ሥር ከበቆሎ ዱቄት፥ ከስኳርና ከእርሾ የተሠራ ገንፎ መሰል ምግብ አለ። አፋቸው በጥጥ ተወትፏል። በውስጣቸው የምትኖረው ዝንብ በበሰለ ሙዝ ላይና በጠጅ ብርሌ አፍ ዙሪያ ስትበር የምናያት ዓይነት ናት። ሠራተኛው በጋዝ ካስተኛት በኋላ በለስላሳ ብሩሽ እያገላበጠ በማይክሮስኮፕ ይመረምራታል። ቤቱ በ25 ዲግሪ ሙቀት ሲጠበቅ፥ ዕንቍላሉ በ10 ቀን ያኽል ጊዜ ሙሉ ዝንብ ይኾናል፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ የብዙ ትውልድን ነገር በጥቂት ወራት ለማየት ይችላሉ።

የዚህች ዝንብ የዘሯ መነሻ አፍሪካ ነው። በትምህርት ቤት የከበረችው ግን በኒውዮርክ ነው፤ ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከቀይ ዓይኖቹ ዝንቦች መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው አግኝተው፥ የዘር ውርስ በሕዋስ ውስጥ ባሉት ክሮሞሶሞች እንደሚተላለፍ በርሱ ስላስረዱ በ1933 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም ወዲህ በተደረገው ምርመራ፥ በሰው ላይ በሽታ ከሚያመጡት የዘር ምልክቶች፥ ጂን ከሚባሉት፥ ከመቶው 75 ያኽሉ በዝንብም አምሳያ እንዳላቸው ታውቋል።

አሁን ወደ አንዠት ነገር እንመለስ። የአንዠት የውስጥ ሽፋን ዕለት ዕለት በምግብና በተሕዋስያን ስለሚጐዳ ዘወትር መታደስ ያስፈልገዋል፤ የሰው አንዠት ሽፋን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይለወጣል። ይኽን የሚያድሱት ሊቃውንት ግንደ ሕዋስ የሚሏቸው ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በቦልቲሞርና በቦስተን የሚሠሩ ኹለት ጓዶች፥ በዝንብም አንዠት ውስጥ እነዚሁ ግንደ ሕዋሳት መኖራቸውን በአንድ ጊዜ አስታወቁ። አንዱ ግንደ ሕዋስ ለኹለት ሲከፈል፥ አንደኛው ልጅ እንደ አባቱ ኾኖ ቤት ይጠብቃል፥ ኹለተኛው ምግብ ወደሚቀበለው ወይም ሆርሞን ወደሚያመነጨው ሥራ ይሰማራል። የሞተውና የተወለደው ቍጥር ሲተካከል አንዠቱ ጤና ነው።

ነቀርሳ የሚዠምረው ይኽ ልክ ሲፈርስ ነው። ኤ.ፒ.ሲ. የሚባለው ጂን ለግንደ ሕዋስ እንደ ልጓም ነው፤ በሰውም ላይ ከሚነሣው የትልቁ አንዠት ነቀርሳ በአብዛኛው ይኽ ልጓም ተበጥሶ ይገኛል። በግላስጎው ያሉት መርማሪዎች ይኽንኑ ጂን ከዝንብ አንዠት ባጠፉ ጊዜ ግንደ ሕዋሳቱ ያለ ልክ በዙ። በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍም፥ የታመመው ሕዋስ ብቻውን እንደማያምፅ፥ በዙሪያው ያሉትን ጤነኞች ጎረቤቶች በመልእክት እየቀሰቀሰ የነርሱን ርዳታ እንደሚቀበል፥ መልእክቱም ሲቋረጥ ብዛቱ እንደሚገታ አሳዩ።

ይኽ ትምህርት ለሕመምተኛ ምን ይረባል? የሚል ቢኖር፥ ኋላ ወደ ግላስጎው የመጡት ፕሮፌሰር ሮስ ኬገን ከባልደረቦቻቸው ጋራ በኒውዮርክ የሠሩትን እንጠቅሳለን። የትልቁ አንዠት ነቀርሳ ወደ ሌላ ሰውነቱ ለተሠራጨበት አንድ ሕመምተኛ፥ በነቀርሳው ውስጥ ከተገኙት የጂን ለውጦች 9ኙን የያዙ ዝንቦች አበጁለት፤ መድኀኒቶችንም በዝንቦቹ ምግብ እየጨመሩ ፈተኑ። ትራሜቲኒብ የሚባለው የነቀርሳ መድኀኒትና ዞሌድሮኔት የሚባለው የአጥንት መድኀኒት አንድነት ሲሰጡ ዝንቦቹ ዳኑ። ለሰውዬውም ተሰጥተው፥ ዕጢዎቹ እስከ 45 በመቶ ድረስ አነሱ፤ ደዌውም 11 ወር ተገታ። ከዚያ በኋላ ግን መድኀኒቱን ተቋቁሞ ተመለሰ። ይኽም በ2019 ዓ.ም. ታትሟል።

የአንድ ሰው ነገር ለኹሉ ማስረጃ አይኾንም፤ ዝንብም ሰው አይደለችም። ነገር ግን ለዝንብ ገንዘብ መመደብ ለሚያስቀው ሹም፥ 11 ወር በቤተ ሰቡ መካከል ለቆየ ሕመምተኛ ዋጋው ስንት እንደ ኾነ ያስብ ዘንድ እንለምነዋለን። ዝንቢቱ ካስተማረችን አንዱ፥ ልጓሙ የተበጠሰ ሕዋስ ቀስ በቀስ የሚበዛ መኾኑ ነው። በሰውም አንዠት ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ቢገኝ ሐኪም ቈርጦ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ በሰገራው ደም ያየ፥ ወይም የሆዱ ልማድ ተለውጦ የሰነበተ ሰው፥ ነገሩን በዕፍረት ሸሽጎ አይቈይ፤ የቤቱም ሰዎች ያውቁለት፥ ፈጥኖም ለሐኪም ይታይ።