የቻይና ድስትና የልደታ ንፍሮ

በጎጃም ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው በእንግድነት ሲሄድ አስቀድሞ የሚማረው ቃል «በቃኝ» የሚለው ነው። ቃሉ ግን አንድ ጊዜ ተነግሮ አይጸናም። እንግዳው «ጠገብሁ» ሲል ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትለዋለች፤ እርሱ ሲምል እርሷ «አፈር ስሆን» ብላ ትጨምርበታለች። በመጨረሻም ተሸናፊው እንግዳው ይሆናል። ደብረ ማርቆስ መንቆረር ትባል ከነበረችበት ጊዜ አንሥቶ፣ በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በግብራቸው ሰውን ባበሉበት ዘመን፣ ጥጋብ የሚለካው በበላተኛው ሆድ ሳይሆን ባብላዩ ልብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔም በዚህ ሥርዓት ያደግሁ ስለሆንሁ «ዋጋውን ከፍለህ እስክትጠግብ ብላ» የሚባልበት ቤት በገባሁ ጊዜ ነገሩ አዲስ አይሆንብኝም ብዬ ነበር። እንዳሰብሁት ግን አልሆነም።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ አክስቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጥተው ትንሣኤን በዚያው ዋሉ። ልጃቸው ቻይንኛ ተምሮ በአንድ የቻይና ኩባንያ አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራል። ሚያዝያ 28 ቀን፣ በማግሥቱ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሰናዱ፣ «እማዬ፥ እኔ የምበላበትን ቤት ሳታዪ አትሄጂም» ብሎ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። ወራቱ በዓለ ኃምሳ ስለሆነ ጾም ነው ብሎ ማምለጥ አይቻልም ነበር።

የገባንበት ቤት ቻይናውያን «ኹዎጉዎ» የሚሉትን ምግብ የሚያቀርብ ነው። ትርጓሜው «የእሳት ድስት» ማለት ነው። በገበታው መካከል ምድጃ ተቀብሯል፤ በላዩም መካከሉ በብረት ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ድስት ይፍለቀለቃል። በአንደኛው ወገን ያለው መረቅ በበርበሬ የቀላ ነው፤ በሁለተኛው ያለው ነጭና የለሰለሰ ነው። ሥጋው እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ እንጉዳዩና ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ ነገር ሁሉ በጥሬው በሳሕን ይመጣል። በላተኛው ራሱ እየነከረ፣ ራሱ እያበሰለ፣ በሰሊጥ ማጥቀሻ እያጠቀሰ ይበላል። ባለወጥ ቤቱም በላተኛውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ዋጋው በሰው ራስ የተቆረጠ ሲሆን፣ በተወሰነው ሰዓት ውስጥ የሚበላው መጠን ግን አይወሰንም።

ስለዚህ ምግብ አስቀድሜ ጥቂት አንብቤ ነበር። በርበሬ የሚበዛበት ዓይነት ስሙን ያገኘው ያንግትዜና ጂያሊንግ የሚባሉ ሁለት ወንዞች በሚገናኙባት በቾንግቺንግ ከተማ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዚያ ወደብ የነበሩ ጀልባ ቀዛፊዎችና ተሸካሚዎች፣ ሥጋውን ባለጠጎች ሲወስዱት፣ የተረፈውን ሽንፍላና የሆድ ዕቃ በብዙ በርበሬና ምላስ በሚያደነዝዝ ቅመም እየቀቀሉ በአንድ ድስት ዙሪያ ይበሉት ነበር። የድኾች ምግብ የነበረው ዛሬ የሆቴል ምግብ ሆኗል። ሽንፍላን አጥቦ ለማጥራት የደከመች የጎጃም ሴት ይህን ብትሰማ ለእነዚያ ሰዎች ሳታዝንላቸው አትቀርም። በርበሬውም ቢሆን የእነርሱም የእኛም የዱሮ ንብረት አይደለም። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከደረሰ ወዲህ ከዚያ ወጥቶ፣ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ ቻይናም ወደ እኛም የመጣ እንግዳ ነው። አሁን ግን ያለ እርሱ ወጥ የማይመስላቸው ሁለት አገሮች ሆነናል።

አክስቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው በጸጥታ ሰምተው «ይህን ሥጋ ማን አረደው?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ዝም አለ። የአሳማውን ሥጋ አስቀድሞ ከገበታው አስነሥቶት ነበር፤ ስለ በሬው ግን አላሰበም ኖሯል። «በስመ አብ ብሎ ያረደው ክርስቲያን ነውን?» አሉ። አሁንም መልስ የለም። እርሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው «እንግዲያስ እናንተ ብሉ፤ እኔ ደህና ነኝ» አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ የልጁን ፊት ባየኸው ኖሮ! እናቱ ከብቱን ሸጠው ያስተማሩት ልጅ ነው። በራሱ ደመወዝ፣ በራሱ ዓለም፣ በተማረው ቋንቋ እናቱን ሊጋብዝ አንድ ቀን አገኘ፤ እናቱ ግን ባዶ ሳሕን ፊት ተቀምጠዋል። እኔም አንገቴን ደፍቼ የበርበሬውን መረቅ ሳማስል አንድ ቃል የምናገረው አላገኘሁም።

ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው ናቸው። «ነጩ መረቅ የአጥንት ነው?» ሲሉ አስተናጋጇ ልጅ የእንጉዳይና የአትክልት መሆኑን ነገረቻቸው። «ታዲያ ድንቹን በዚያ በኩል ጣሉልኛ፤ ድንች ማን ያርደዋል?» አሉ። ጭልፋው ከሥጋው ድስት እንዳይነካካ ሌላ እንዲመጣ አዘዙ። ድንቹ በበሰለ ጊዜ የመብሊያ እንጨቶቹን ወዲያ ገፍተው፣ እፍ ብለው አቀዝቅዘው፣ በጣታቸው ይዘው የመጀመሪያውን ለልጃቸው አጎረሱት። አንድ ጉርሻ ያጣላልና ሁለተኛ ጨመሩለት። በዚያ ቤት እንዲህ ሲደረግ አይተው የማያውቁ ሰዎች ከየገበታው ዘወር ዘወር ብለው አዩን። ልጁ ዓይኑን በመዳፉ ሲጠርግ በርበሬው ነው አለ፤ እኛም አመንነው።

ችግሩ ግን ገና አላለቀም። የአክስቴ ልጅ የጎጃም ሰው ነውና ሳሕኑን ሁሉ በገበታው ላይ አስደርድሮት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ስድስት ሳሕን ያህል ሳይነካ ቀረ። አስተናጋጇም በትሕትና፣ የተረፈ ምግብ ተመዝኖ ተጨማሪ ሒሳብ እንደሚያስከፍል አስታወቀችን። ይህ የዚያ ቤት ብቻ ደንብ አይደለም፤ ሳይቆጠር በሚበላባቸው ቤቶች በብዙ አገር የታወቀ ነው። ቻይና በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. የምግብ ብክነትን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ ምግብ ቤቶች ብዙ ከሚያባክን ደንበኛ ተጨማሪ ዋጋ እንዲቀበሉ ፈቅዳለች። ባለቤቶቹም ቢሆኑ ምክንያት አላቸው። በ2010 ዓ.ም. በቼንግዱ ከተማ የነበረ አንድ የእሳት ድስት ቤት፣ በአነስተኛ ገንዘብ ወር ሙሉ እንደ ልብ የሚያስበላ ካርድ ሸጦ፣ ሰዎች አንዱን ካርድ እየተዋዋሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባለዕዳ አድርገውት ተዘግቷል።

አክስቴ ደንቡን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ደግ ደንብ ነው፤ እህል መድፋት ያስቀጣል» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲህ ከከፈልን የእኛ ነው፤ ጎመኑንና ድንቹን ጠቅልላችሁ ስጡን፤ በር ላይ የተቀመጡ አሉ» ብለው ጠየቁ። ይህ ግን አይፈቀድም ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜ በትሕትና ተከለከሉ። ልጃቸው ሒሳቡን ከፈለ። ስንወጣ በሩ ላይ ለነበሩት ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው ሰጡ፤ እስከ ቤታችን ድረስም አልተናገሩም።

በማግሥቱ ማለዳ ሦስታችንም ወደ ጎጃም ተነሣን። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከደጋው ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ሙቀት ይወርዳል። ታችም በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ቆሞ ይታያል። እዚያ ስንደርስ አክስቴ «ልጄ፥ እነዚህ ሰዎች እንግዳቸውን ብላ አይሉምን?» አሉ። እርሱም በሥራው ምክንያት በቻይናውያን ቤት ተጋብዞ እንደሚያውቅ፣ በዚያም የቤቱ እመቤት ምርጥ ምርጡን እያነሣች በእንግዳው ሳሕን ላይ እንደምታኖር፣ «ዱዎ ቺ» ማለትም «ብዙ ብላ» እያለች እንደምታስጨንቅ ነገራቸው። «እንግዲያው የትናንቱ ሱቅ ነበር እንጂ ቤት አልነበረም» አሉና እስከ ደጀን አንቀላፉ።

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ነበረች። እንደ ልማዱ የመንደሩ ሰው ከቤት ወጥቶ ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽንብራውና አተሩ ከየቤቱ ተዋጥቶ በአንድ ትልቅ ድስት ተቀቀለ። ማን ምን ያህል እንዳመጣ የሚመዝን አልነበረም፤ ካንዲት ቤት አንድ እፍኝ ብቻ መጥቶ እንደነበር ያየሁት እኔ ምናልባት ሳላይ ብቀር ይሻል ነበር። ጠላውም ዳቦውም ቀረበ። አክስቴ ማንም ሳይቀምስ አንድ ቁና ሙሉ ንፍሮ ለብቻው አስቀመጡ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱም የቅኔ ተማሪ በማይጠፋበት በጎጃም አገር ጥያቄው ሳይጠየቅ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ ደበሎ የለበሱ ሁለት ልጆች አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከዳገቱ ወረዱ።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ጊዜ በመንደሩ ሕፃናት ተከቦ ሁለት ቀጫጭን የወይራ እንጨት ጠርቦ አንዲት ባቄላ በእንጨቶቹ ለማንሣት ይታገላል። ባቄላዋ ታንሸራትታለች፤ ሕፃናቱ ይስቃሉ። ከተማሪዎቹ ታናሹ አኩፋዳው ከሞላ በኋላ ተቀምጦ እንዲበላ ቢነገረው አፍሮ «በቃኝ» አለ።

አክስቴ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። በጭልፋ የሚጤስ ንፍሮ ይዘው ወደ ልጁ እየሄዱ «ዱዎ ቺ!» አሉት።